የቀኙ በር

በፑንታ አሬናስ፣ መሬት ተሟጦ በሚያልቅበት፣
ንፋስ ሳያንኳኳ ሰው ቤት በሚገባበት፣
ኖልፋ ታክሲዋን አቆመች ከዬርኮ ኮንቴይነር ፊት።
እኔ ስታኞ አቀባይ ነኝ፣ አምፖል ያዥ፣ የሁለት ወር ሠራተኛ የዚያ ቤት።

«የቀኙ ስፒከር ሞቷል» አለች፤ «ከኅዳር ወዲህ ትንፍሽ አይልም፤
በሩን በቡጢ ስለው ግማሽ ቃል ይመልሳል፣ አይጨርስም።
ጉድጓድ ሲያገኘን ደግሞ ራሱ ይለፈልፋል፣
ተሳፋሪ ይስቃል፤ እሱ መልሶ ያኮርፋል።
አዲስ ገዝቻለሁ፣ ይኸው ከነካርቶኑ፤
ግጠምልኝና ልሂድ፣ ሳይመሽ ቀኑ።»

ዬርኮ ካርቶኑን አላየም። እጁን በጨርቅ ጠረገ።
«ሳይመረመር አይቀበርም» ብሎ ካቻቢቴ ፈለገ።

ድምፁን ሁሉ ወደ ቀኝ አዞረ፦
ዝም።
ከሬዲዮው ጀርባ የግራና የቀኙን ሽቦ አቀያየረ፤
ግራው እንደ ልማዱ ጮኸ። ሬዲዮው ከደሙ ንጹሕ ነበረ።
የበሩን ልባስ ሲያወልቅ አንዱ ክሊፕ ተሰበረ፣
በስፓኒሽ ተራገመ፣ በአያቱ ክሮኤሽኛ ጨመረ።

«ድንጋይ!» አለኝ። ከግድግዳው ሰዓት የባትሪ ድንጋዩን መዘዝኩ፤
አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ጊዜውን ቀጥ አደረግኩ።
በሁለት ቁራጭ ሽቦ ከስፒከሩ ጫፎች ሲያስነካው፣ ጧ!
ወረቀቱ ተነፋ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ሆድ።
እንደገና፤ ጧ!
ቴስተሩም ሦስት ነጥብ ስድስት አለ፤ ጠመዝማዛው ደህና።
«የሞተ የለም» አለ ዬርኮ፣
«ቃል የሚያደርስለት አጥቶ ነው ዝም ያለው።»

ከበሩ ማጠፊያ ዘንድ፣ ሽቦው የሚያልፍበትን
የጎማ እጅጌ ገለበጠ፤ እኔ አምፖሉን አስጠጋሁለት፦
መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ፣ ተበጥሶ፣
ጫፍና ጫፍ ተፋጠዋል፣ አንዱ ካንዱ ሸሽቶ፣ ተኮማትሮ።
«በቡጢሽ ስታስታርቂ የከረምሽው እነዚህን ነው።
ግን ዝገት ብቻ አይደለም፤ ተጎትቷል። በሩን ንፋስ ነው የወሰደው።
ማነው በንፋስ ቀን እንዲህ የበረገደው?»

ኖልፋ ወደ ወሽመጡ አየች።
«ሲክስቶ» አለች፤ «ልጄ ነው። ተጣልተን ነበር።»
ለሽለታ ወደ በጎቹ አገር እንደ ሄደ፣ ሽለታው ካለቀ ወር እንደ ሞላው፣
የነገረችን በኋላ ነው፣ ስታኞው ሲጨስ፣ ሳንጠይቃት፣
ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ።

ተበየደ። ተጠቀለለ። ለመታጠፍ ትርፍ ተተወለት።
ሬዲዮው ለሩቅ እርሻዎች የማታ መልእክት የሚያነብበት ሰዓት ሆኖ ተገኘበት፦
ለእገሌ፣ ፈረሱ ሐሙስ ይመጣል፤ ለእገሊት፣ ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሏል...
ቃሉ አሁን ከግራም ከቀኝም፣ መሃል ላይ ቆሞ ይሰማል፤
ሰው ከፊቷ የተቀመጠ ያህል።
ሞተሩን ሳታስነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።
የሷ ስም አልነበረም። የአየሩ ሁኔታ ሲጀመር ዘጋች።

ከፈለች። ካርቶኑን አልወሰደችም፣ እኛም አላልን።
ዞራ መጥታ የቀኙን በር በሁለት እጇ ያዘችና
የተኛ ሰው እንደምታለብስ፣ ቀስ አድርጋ ዘጋች፤
ማጠፊያውን አንዴ ዳሰሰች፤ ሄደች።

በማግስቱ ዬርኮ ዘገየህ ብሎ ሲቆጣኝ
ግድግዳው ላይ አስር ሰዓት ከሩብ ነበር።
ድንጋዩ ኪሴ ውስጥ አደረ።