ግማሽ ገብስ

የአባዬ ረሽ ባለ ሁለት አፍ ናት፣
ሰደፏ ሲሰነጠቅ በሽቦ ያሰራት፤
ጫፏ ላይ ያለችው ፍሬ፣ ቢጫ ነሐስ፣
ከማሽላ ቅንጣት እንኳን የማትደርስ።
ድሮ፣ ዓይኑ ደህና ሳለ፣
«አንድ ጅግራ ለአንድ ጥይት» እያለ፣
በእሷ ነበር ቀንቶት የሚገባ ቤት፤
ዘንድሮ ግን ጉም በላት።
«ጠፋችብኝ» አለ፣ «ያች ፍሬ የት ገባች?
በሰማይና በጅግራው መሃል ሟሟች።»

ይህን ያለው አንዴ ነው፤ ሌላ ጊዜ ባሩዱን ወቀሰ፣
ነፋሱን ወቀሰ፣
ባዶ ከረጢቱን እያንጠለጠለ ስንቴ ተመለሰ።
ኩራቱን አውቃለሁ፤ መነጽር አይወድም፣
ዓይኔ ደከመ ብሎ ከፈረሱ አይወርድም።

ስለዚህ እኔ፣ ልጁ፣ ፈትል ክፍል የምሠራ፣
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ አልኩ ጎራ
ከዳምጠው ጋራዥ፣ ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ፤
በነጠላ ተጠቅልላ፣ ብረቷ ክንዴ ላይ በርዶ።

ዳምጠው ቶርኖ ያዞራል።
በአፉ ቆጣቢ ነው፣ በእጁ ይናገራል።
የዚያን ቀን ግን ተናገረ፦
«ይኸ ነጩ የፍየል ቀንድ ነው፤ ፀሐይ ካለ ደስ ይላል፣
የሐረጎ ጉም ሲወርድ ግን ከጉሙ ጋር ይውላል።
ይኸ ጥንድ ፍሬ ነው፤ አንዱ ኋላ፣ አንዱ ፊት፣
ሁለቱ እስኪገጥሙ ጅግራ ላትቆይለት።
ይኸኛው መስታወት ነው፣ ቀይ ነጥብ፣ በባትሪ፤
የሦስት ወር ደሞዝሽ ነው፤ ካላመንሽ ቁጠሪ።»

ባትሪ ሲደክም አባዬ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣
እምቢ ካለው ደግሞ በጥርሱ ይነክሰዋል፤
ያን ውድ መስታወት ሲነክስ ታየኝና ሳቄ መጣ፣
ዋጥኩት፤ ዓይኔ ግን ከበሩ ውጭ ወጣ።

ደጅ፣ ከሚሌ የመጣ አይሱዙ ኋላው ተጨፍልቆ፣
ቀይ መብራቱ ተሰባብሮ፣ አሸዋው ላይ ወድቆ፣
ፀሐይ ስትነካው አንዷ ስባሪ ፍም መሰለች።
«ይቺስ?» አልኩ።
ዝም አለ። አረጠባት በምላሱ፣
ወደ ብርሃን አዞራት፣ ዘንበል አለ ራሱ፤
«መኪናን ከኋላ የሚያድን ነገር» አለ፣
«ጅግራን ከፊት ይገድል እንደሁ... እስቲ፣ አላህ ካለ።»
ሞረደ። ሞረደ። ቀዩ ብናኝ ጥፍሩን ቀባው፣
ነሐሷን ነቅሎ ቀዩን በእሷ ፋንታ አስገባው።
ሠላሳ ብር ተቀበለና፣ ነሐሷን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤
«የሽማግሌ ዓይን ነበረች፤ እንዳትጥያት» አለኝ።

*

ቅዳሜ ሳይነጋ ቦርከና ዳር ደንገሉ ውስጥ ተኛን፣
ጤዛው በብርድ ልብሱ አልፎ ገላችን ድረስ አገኘን።
ጅግሮቹ ወረዱ፣ ጠቃጠቆ ለብሰው፣
እንደ ባቲ ሰኞ፣ ሁሉም ሻጭ፣ የሚገዛ የለ ሰው።
አባዬ ጉንጩን ሰደፏ ላይ አሳርፎ ቆየ፤
ትንፋሹ ሲቆም ጆሮዬ ለየ፦
«አየኋት ቀይዋን፤ ሰማያዊው አንገት ሥር ናት።»
ምላጯን ሳባት።

መሬት ተነሣ። ከእግራቸው ሥር አቧራ ጨሰ፣
መንጋው እየተሳደበ ሽቅብ ገሰገሰ።
አንዲት ላባ እንኳን አልወደቀችም።

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አፏን ሰብሮ ቀለሁን አወጣ፣ አሸተተው፣
የቀይዋን ቁመት በአውራ ጣቱ ጥፍር ለካው።
«ረዝማለች» አለ፣ «ግማሽ ገብስ። ጫፍ ሲረዝም ጥይት ዝቅ ይላል።
ያችን ነሐስ ፍለጋ አንገቴን ስሰግግ ግን፣ ስንት ዓመት፣ ጥይቴ ሰማይ ሲመታ ውሏል።»
ቀና ብሎ አላየኝም። «ዓይንህ ነው ያለኝ ሰው የለም፤
አንቺም አላልሽኝም።»

ከዚያ ሳቀ፣ ደንገሉ እስኪነቃነቅ።
«የኋላው ማነጣጠሪያ ይኸ ዓይኔ ነው፤ እሱን ሞርዶ ማን ያምጣ?
የፊቷን ግን አሳጥሪልኝ» ብሎ ተነሣ፤ ጉልበቱ ተንጣጣ።

ሰኞ ከፈረቃ ስወጣ ድልድዩን ተሻገርኩት፤
ኪሴ ውስጥ፣ ከነሐሷ ጋር፣ አንድ ገብስ ይዤ ነበር፣
ለዳምጠው መለኪያ እንዲሆን
መንገድ ላይ በጥርሴ ከሁለት ከፈልኩት።