ካርታ ሲበወዝ

ዱሉዝ፤ የካቲት አጋማሽ። ሱፒሪየር ሐይቅ አፉን ዘግቷል፣
የማዕድን መርከቡ ወደቡ ላይ ተኝቷል።
ሦስት መምህራን መጡ ሻንጣ እየጎተቱ፣
ማሪት ከታርቱ፣
ቦሽትያን ከሉብሊያና፣ ግራሳ ከኮይምብራ፣
ትምህርታቸውን ሊሰፉ በአንድ ክር ከእኛ ጋራ።

እኔ የካርታ ክፍል ጠባቂ ነኝ፤ ወንበር አቀርባለሁ፣
መሳቢያ እከፍታለሁ፣
ከዳር ተቀምጬ የሊቃውንት ክርክር እሰማለሁ።

«አንድ ክሬዲት ስንት ሰዓት ነው?» በዚህ ተጀመረ ነገሩ፤
በሃያ አምስት ሰዓት ቁና እነሱ ሲሰፍሩ
እኛ በአርባ አምስት፤ እህሉ ግን ያው ነው፣
ቁናው ነው እንጂ የተለያየው።
እስከ ምሳ ሰፈርን፤ አንድ እፍኝ አልገባም ከጎተራው።

ዲን ዊትኮም ከምሳ በኋላ መጣ፣ ስልኩን እያየ፣
«ማሻሻያ» አለ፣ «ቅልጥፍና» አለ፣ «ውጤት» አለ፣ ቆየ፤
ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣለ፣ ሣጥኑን በቀስት አያያዘ፣
ጂኦሎጂን ከሒሳብ ጋር፣ እኛን ከቱሪዝም ጋር በወዘ።

አማርኛ ይህን ቀድሞ ያውቃል፤ ካርታ አንድ ቃል ነው ለሁለት፦
ምድር የሚነበብበት፣
ደግሞም ቁማር የሚበሉበት።

ሃልቮርሰን፣ ሠላሳ ዓመት የወንዝ ደለል የለካው ሰው፣
መነጽሩን አወለቀ፣ በሹራቡ ጫፍ ጠረገው፤
«እኔ የማስተምረው እኮ...» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

ማታውን በረዶው መጣ። አውሮፕላኑ ቀረ፣ መንገዱ ጠፋ።
ክረምት ልለው ፈልጌ ነበር፤ ቃሉ ግን ዶፍ ለምዷል፣ ጎርፍ ለምዷል፣
እዚህ ሲደርስ እግሩ ይከዳዋል።
እንግዶቹ ካርታ ክፍል አደሩ፤ ቦሽትያን ከኪሱ ካርታ አውጥቶ
በሚሲሲፒ ምንጮች ላይ አደለ፣ ሰፊውን ጠረጴዛ ሞልቶ።

«የእኛንም» አለ እያደለ፣ «ሁለቴ በውዘውታል፣
አንዴ ከአካባቢ ጥናት፣ አንዴ ከከተማ ፕላን አጋብተውታል፤
ለዚህ ነው የምንፈላለገው፤ ብቻውን የቆመ ክፍል
በአንድ ፊርማ ይነቀላል፤ አራት አገር የያዘው ግን ሥር ያበቅላል።»

ግራሳ ከካርታዋ ቀና ብላ «ጂኦግራፊ በአንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አለችኝ።
«መልክዐ ምድር» አልኳት። «ፍቺው?» ብላ ያዘችኝ።
«የምድር መልክ። መልክእ ደግሞ በደብሩ ውዳሴ ነው፤
ደብተራው ከራስ ጠጉር ይነሣል፣
ለቅንድብ ሰላም ይላል፣ ለክርን ሰላም ይላል፣
አንዲት ብልት ሳይዘል እግር ጥፍር ይደርሳል።»
ካርታዋን ደፍታ አሰበች። «ስንት ክሬዲት ነው?» አለች።
ሃልቮርሰን እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ቁማሩን እሷ በላች።

ሲነጋ ሐይቁ ላይ ወጣን። ኬይሊን፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣
ግግሩን በመሰርሰሪያ በሳች፣ «ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር» ብላ ጻፈች።
ማሪት ግን ተንበረከከች፤
ከፔይፕሲ ሐይቅ ዳር ያደገች ናት፤ በዱላ መታችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣
«ሁለት ጊዜ የረጋ ነው፤ ከሥር ስንጥቅ አለው» አለች።
ኬይሊንም ጆሮዋን አስጠጋች። ቆየች። ቆየች።
ያ መስማት በሰንጠረዡ ውስጥ ዓምድ አልነበረውም፣
ሃያ አምስትም አርባ አምስትም አይሰፍረውም።

በሚያዝያ ሁለት ደብዳቤ ባንድ ቀን፦ አንዱ የሠርግ ጥሪ፣ አንዱ መርዶ፤
ስምምነቱ ተፈርሟል፣ ክፍሉ ተዘግቷል፤ ከውጭ ይሰበራል የሐይቁ በረዶ።
የበሩን ሰሌዳ ነቀሉት፤ አራት የብሎን ቀዳዳ ቀረ።

ሰላም ለቀዳዳዎቹ፣ ስማችንን ለተሸከሙ፤
ሰላም ለመሳቢያዎቹ፣ በአዲሱ ስም ገና ላልተሰየሙ፤
ሰላም ለሃልቮርሰን መነጽር፤
ሰላም ለወንዙ ደለል፣ በቁና ለማይሰፈር።

ኬይሊን ቅጽ ይዛ መጣች፤ በመስከረም ታርቱ ልትሄድ ነው።
«የላከሽ የትምህርት ክፍል» ይላል። «እዚህ ምን ልሙላ?» አለች።
በሩን አየሁት።
«አሮጌውን ስም ጻፊ» አልኳት።
እርሳሷን ስታነሣ እስክሪብቶዬን ሰጠኋት።