ሃያ ሁለተኛው

ከካይሉዋ ኮና፣ ከባሕሩ ዳር ሆቴል፣ ማለዳ ሲነሡ
ሃያ ሁለት ናቸው፤
አፍንጫቸው በፀሐይ ቅባት የነጣ፣ ካሜራ ባንገታቸው።
የኔ ሥራ ሁለት፤ መንዳትና መቁጠር፤
ሌላው ሁሉ የሷ፣ የማሄያላኒ፤ ካለት መነጋገር፣
የሞተን ንጉሥ ከነማዕርጉ በስሙ መቀስቀስ፣
ለጠየቀ ሁሉ ሳይሰለቹ መመለስ።
እኔ ስም አልይዝም። ቁጥር ነው የምይዝ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ቤተ መንግሥት።
ትንሽ ናት፤ ሁለት ፎቅ፤
አንዳንዱ የመጣው አዳራሽ ከእልፍኝ ሊያይ፣ ወርቅ በወርቅ፤
ያገኘው በረንዳ፣ ባሕር የሚነፍሰው፣
ካንድ ትልቅ አልጋ ጋር፣ ባለቤቱ ካረፈ መቶ ዓመት ያለፈው።
"ዕቃው" አለች ማሄያላኒ፣ "በሐራጅ ተሸጠ፤
ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ለየሰው ተሰጠ፤
አስቀድሞ ግን ቁጥር ተጽፎበት ነበርና
ቁጥሩን ተከትለው፣ ከየሰዉ ሳሎን፣ ለቀሙት እንደገና።"
ይህን ስትል ሁልጊዜ ደጅ ቆሜ አዳምጣለሁ።
ቁጥር ቤት ያስገባል፤ ይህን እወድላታለሁ።

በማግስቱ ወደ ሰሜን፣ ካዋይሃዬ።
ኮረብታ፣ ሐሩር፣ ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ ላይ፣
ጭቃ ያልነካው፣ ኖራ ያላየ፤
ከሩቅ ሸለቆ፣ ይባላል፣ ሰው በሰው ተሰልፎ፣
ከእጅ ወደ እጅ መጣ፣ ተራራውን አልፎ።
ጣራ የለው። መግባት ክልክል ነው። ከታች ሆነን አየን።
ምን ልበለው ይሄን?
ቤተ ጣዖት ይላል የለመደው አፌ፤
መቅደስ ይላል እግሬ፤
ጫማዬን ማውለቄን ያወቅሁት
ፀሐይ ያጋለው ፍሬን ውስጥ እግሬን ሲለበልበኝ ነው፣ ለመሄድ ስነሣ።

ሦስተኛው ቀን፣ ሆናውናው።
ረጅም ግንብ፣ ዘንባባ፣ ኤሊ የሚተኛበት አሸዋ።
"ሕግ የጣሰ ሰው" አለች፣ "ለሞት የሚፈለግ፣
ሮጦም ይሁን ዋኝቶ ከዚህ ግንብ ከገባ
ካህኑ ይፈታዋል፤
ከዚያ ወዲያ ቤቱ ይሄዳል፤ ማን ይነካዋል?"
ይህን ቦታ እኔ ገና ሳላየው ነው የማውቀው፤
በኛም፣ ደም ያለበት ሰው ደብር ሮጦ ገብቶ ደወሉን ከደወለው
ገመዱን እስከያዘ ድረስ የለም የሚነካው።

ሰዓት ደረሰ። ቆጠርሁ።
ሃያ አንድ።
ከኋላ ወደ ፊት ደግሜ ቆጠርሁ።
ሃያ አንድ።

ሚስተር ሃልቮርሰን ነው፣ የሚኒሶታው አናጢ፣
ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጥያቄ ያልጠየቀ፣ መስኮት ዳር ተቀማጭ።
ከግንቡ ውስጥ አገኘሁት። ጫማው በእጁ።
ሱሪው እስከ ወገቡ ርሷል፤
በበሩ አልገባም፤ ደንቡን ሰምቶ፣ ዞሮ፣ በባሕር መጥቷል።
"ካህኑ የት ነው የሚቀመጠው?" አለኝ።
"አሁን የለም" አልሁት፤ "ግንቡ ነው የቀረ።"
ራሱን ነቀነቀ፣ እንጨት እንደሚለካ ግንቡን በዓይኑ ቆጠረ።
"ሐይቁ ላይ ስንወጣ ሁለት ነበርን" አለ።
ከዚያ ዝም።

መቁጠር የማውቅ ሰው ነኝ፤ የቀረውን ሒሳብ አልጠየቅሁም።
ፈታሁህ እንዳልለው
መንጃ ፈቃድ እንጂ ክህነት አልተሰጠኝም።
አጠገቡ ተቀመጥሁ። ውሃው ይመጣል፣ ይሄዳል።
አሥራ ሰባት ደቂቃ፤ በመሥሪያ ቤታችን ይህ ደመወዝ ያስቀንሳል።
ደወል ፈለግሁ በዓይኔ፤ ዘንባባ ብቻ።
ኋላ ከመኪናው ማቆሚያ
ማሄያላኒ፣ ትዕግሥቷ አልቆ፣ ክላክስ ነፋች፤
አንዴ፣ ረጅም፤
ወፎቹ ተነሡ።
ይሁን፣ አልሁ በልቤ፤ ካልጠፋ ድምፅ ይህም ደወል ነው ለሱ።
ክንዴን ያዘና ቆመ።
ደረጃው ላይ አሸዋውን ካግሩ አራገፈ፣ አንዱን እግር፣ ሌላውን፣ በጥንቃቄ።
ማንም ምንም አላለ።

አራተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ የት እንደሄድን ረስቼዋለሁ።
የጉዞው ወረቀት ላይ ግን፣
"የተሳፋሪ ብዛት" ከሚለው ጎን፣
በገዛ እጄ ጽሑፍ ሃያ ሦስት ይላል።
ቢሮ ጠሩኝ። "ስሕተት ነው" አልኋቸው።
እርሳስና ላጲስ ሰጡኝ፤
ወሰድሁ፤ ኪሴ ውስጥ አሉ።