የወገብ ሕመም

ጁምላ ላይ፣ በኔፓል ጥግ፣ ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ አለኝ፤
አንድ ሚዛን፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ደብተር ነው የተሰጠኝ።
ደብተሩ ላይ «ምን ታመሙ?» የሚል ዓምድ አለ፤
ከሸንተረሩ የምትወርድ ሴት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፣ የተማከረች ይመስል፦
«ወገቤን።» እጽፋለሁ። ወገብ። ወገብ። ገጹ ሞልቶ እስኪገነፍል።

በመጀመሪያው ዓመት አምኜ ማስታገሻ ሰጠሁ፤
በሁለተኛው ከቃሉ ይልቅ አቀማመጡን አየሁ፦
በአንድ ጎን፣ በስሱ፣ በጥንቃቄ፣
እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ።
ወገብ የሌላ ነገር ስም እንደሆነ ገባኝ፣ ደግሜ ደጋግሜ ጠይቄ።

ዳንሳራ ስትመጣ ውርጩ የጣራዬን ቆርቆሮ ነክሷል፤
የዶኮ ቅርጫቷ ጠፍር ግንባሯ ላይ መስመር አርሷል።
አማቷ ከኋላ፣ እጇ ላይ በትር፣ አፏም በትር፦
«ሰነፍ ናት፤ ሣር ታጭድና ቁጭ ትላለች ከድንጋይ ሥር።
ልጄ ሕንድ ለሥራ ወርዷል፤ ጎሿ የምትበላው ምንድነው?
ይቺ ወገቤን ትላለች፤ ወገብ የሌለው ማነው?»

አሮጊቷን በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ባለበት አስቀመጥኳት።
በሩን ዘጋሁ፤ መጋረጃውን ሳብኩ፤ ዳንሳራን ዝም ብዬ አየኋት።
ዝምታ በልኩ ሲሰጥ ከእንክብል ቀድሞ ይሠራል።
«ወገብሽ» አልኩ፣ «ከላይ ነው፣ ወይስ ከታች ይጀምራል?»

«ከታች» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ሁለተኛዬን በወለድኩ
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ዳገቱ ላይ በእንጨት እንዳጎነበስኩ
አንድ ነገር ወረደ። ጉልበቴ መሰለኝ። ሄድኩ።
ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በጨርቅ አስረዋለሁ። ሳል ሲመጣ እፈራለሁ።
ባሌ ሲደውል ‹አትምጣ› ነው የምለው፤ ‹ብሩ ይሻላል› እለዋለሁ።»

መብራቴ አንድ ተራራ ወጪ ትቶት የሄደው የግንባር ባትሪ ነው።
ጓንቴን በሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ አሙቄ ነው የነካኋት።
ቁስል የለም። መግል የለም። የወረደው ማህፀኗ ነው።
«ጉድ ነው፣ ቢንዱ?» አለችኝ፣ ዓይኗን በክንዷ ከልላ።
«ጉድ አይደለም። ጅማት ነው፣ ሸክም በዝቶበት የላላ።»

ከሳጥኑ ቀለበት አወጣሁ። ለጣት የሚሆን አይደለም፤
የብርጭቆ አፍ ያህላል፣ ለስላሳ ነው፤ ካህንም ምስክርም የለም።
በጣቴ ለክቼ አጠፍኩት፣ ግማሽ ጨረቃ አደረግኩት፤
ቀባሁ፣ አስገባሁ፣ ለቀቅኩት።
እንደ ደህና ሽማግሌ መሃል ገብቶ ቁጭ አለና
ኮብልሎ የኖረውን ማህፀን ወደ ቤቱ መለሰው በትሕትና።

«ተነሺ። ተራመጂ። ቁጢጥ በይ። ሽንት ቤት ደርሰሽ ነይ።
ከወደቀ ሌላ ልክ አለና፣ ሳትደብቂ ንገሪኝ፣ እሺ በይ።
ሦስት ወር ሲሞላ ትመጫለሽ፤ አጥቤ እመልሰዋለሁ፤
ደም ካየሽ፣ ሽታ ከመጣ፣ ሦስቱን ወር አትጠብቂ፤ እዚሁ አለሁ።
ሸክም ግን…» እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቃሌ ይሰበራል፤
እዚህ አገር ‹ሸክም አታንሺ› ማለት፣
ክረምቱን ‹አትዝነብ› እንደማለት ይቆጠራል።

ሄዳ ተመለሰች። ስትገባ ፊቷ ላይ
ስም የሌለው ነገር ነበር፤ ሳቅም አይደል፣ ስቃይ።
«ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእግሮቿ።

በሩ ተገፋ። አማቲቱ። ፀሐዩ አልፏት ኖሯል፣ በርዷታል።
ግድግዳው ስስ ነው፤ ስንቱን ሰማች? አፏ ደርቆባታል።
«ያ ነገር» አለች፣ ሳጥኑን እንጂ እኔን ሳታይ፣
«ለአሮጊት ይሆናል?»

መጋረጃውን እንደገና ሳብኩ።
የሷ ቆስሏል፤ በቅባት ቀድሞ መዳን አለበት፤
ልኳም ሳጥኔ ውስጥ የለም፤ ከወረዳ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት።
«ጠብቂ» ስላት ሳቀች፦ «ሠላሳ አምስት ዓመት በዚህ ስሄድ ኖርኩ፤
ሦስት ሳምንት ምን አላት?»

ሊወጡ ሲሉ ዳንሳራ ዶኮዋ ላይ ጎንበስ አለች።
«ተዪው!» አለች አማቲቱ፤ በበትሯ ጠፍሩን መታች።
ተያዩ። ማንም ሌላ ቃል አልተናገረ።
ባዶ እጃቸውን ወደ ዳገቱ ዞሩ፤ ሣሩ ቅርጫቱ ውስጥ ቀረ።

ማታ ደብተሬን ከፍቼ «ወገብ» ልጽፍ ብዬ ተውኩት፤
እውነተኛ ስሙን፣ በሙሉ ፊደል፣ ለሁለቱም ጻፍኩት።
ዶኮው አሁንም ደጄ ላይ ነው፤ ሣሩ ደርቋል፤ እኔ ጎሽ የለኝም።
ማን ያደርስላቸዋል ብዬ ገበያው መሃል ጠይቄያለሁ፤
እስካሁን ግንባሩን የሰጠኝ ወንድ አላገኘሁም።