የተዘለለው ገጽ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከቤተ መጻሕፍት፣
ያንኑ መጽሐፍ ነው የምትዋስ ትርሲት፤
በረዶው እስከ ጉልበት ሳስካቱን ላይ ደርሶ፣
ካፖርቷ ሥር ሸጉጣው፣ እንዳይበላሽ ርሶ።

የአንዲት ጃርት ታሪክ ነው፤
እሾኋን ፈርቶ ማንም የማያቅፋት
ከእናቷ በቀር።

ማታ ማታ አንባቢው እኔ ነኝ፤
ድምፄን አወፍራለሁ ለድብ፣ አቀጥናለሁ ለወፍ፤
አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ግን
ጣቴን ምራቅ አስነክቼ፣ ሁለት ቅጠል ባንዴ አልፍ።

እዚያ ገጽ ላይ እናት ጃርት
በረዶው ውስጥ ወጥታ አትመለስም።
ማንኪያዋ ገበታው ላይ ይቀራል። ሌላ ሥዕል የለም።

ገጽ መዝለል እችልበታለሁ።
የእናቷን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄ
መሳቢያ ውስጥ፣ ከሹራቦች በታች፣
በግንባሩ የደፋሁት እኔ ነኝ፤
«ለልጅቷ ብዬ»።

ትናንት እጄን ያዘችኝ።
«አባ፣ አንድ ገጽ ዘለልክ።»
«የቱን?»
«ሁልጊዜ የምትዘለውን።»

ገለጠችው። ወረቀቱ አንድ ቦታ አብጧል፤
ከኛ በፊት የተዋሰው የሆነ ልጅ
አልቅሶበት ይሁን ወተት ደፍቶበት።
«እዚህ ጋ እኔም…» አለች፣ ጣቷን አኑራበት።

ከዚያ አነበበችልኝ፣
ቃላት ላይ እየተደናቀፈች፣
ድምጿን ሳታወፍር፣ ሳታቀጥን።
ትንሿ ጃርት ማንኪያውን አጥባ መልሳ አስቀመጠች፤
በማግስቱም፤ በማግስቱም።
አንድ ቀን ሾርባ በላችበት።

«አለቀ?» አልኳት።
«አላለቀም። አሁን ያንተ ተራ ነው።»

ስትተኛ ሹራቦቹን አነሣሁ።
አቧራ እንኳ የለውም።
ገጿ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣
የትንንሽ ጣቶች ምልክት።