አልተገኘም

ቡሬ፣ ኅዳር ላይ ነው፤ በርበሬ ይጫናል፤
ሁሉም ያስነጥሳል፤ ማን ማንን «ይማርህ» ይላል?
እኔ ከመጋዘኑ ጥግ፣ በተውሶ ወንበር፣
ላፕቶፔን ታቅፌ ሥራዬን ስሞክር።
ሦስት ወር ደከምኩበት፣ ለማኅበሩ መዝገብ፤
ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ ቀሪ ሒሳብ፣ ገደብ።

በነሐሴ ማብቂያ መስኮቱ ደነዘዘ፤
አንዱን ቁልፍ ቢነኩት ሁሉም ተያያዘ፤
ነጭ ሆኖ ቀረ፣ እንደ ተገነዘ።
ለካ ዘበኛውን ጆንያ አሸክሜ፣
በሩን ማን ይክፈተው? ስጠብቅ ቆሜ!
ጭነቱን ለሌላ ክር ሰጠሁት፤ ተነፈሰ፤
ያ እንኳ ቀላል ነበር፣ ባንድ ሌሊት ደረሰ።

ጳጉሜን መጣች ደግሞ፣ አሥራ ሦስተኛዋ፤
ከውጭ ያመጣሁት ቀን መቁጠሪያ ሳጥን
አሥራ ሁለት ወር አውቆ፣ ጠፋበት መግቢያዋ።
ጳጉሜን ሦስት የሸጠ ሰው፣ ገንዘቡ የት ይግባ?
ሳጥኑን ጣልኩትና በእጄ ቆጠርኩለት፤
በየአራት ዓመቱ ስድስት አረግኩለት።

ዛሬ ግን ሌላ ነው።
ዛሬ የጠፋው ሰው ነው።

ከወምበርማ መጣ፣ በሌሊት ተነሥቶ፤
ደረሰኙን ሰጠን፣ ከብብቱ አውጥቶ።
«ዓይናዲስ እባላለሁ፣ የእንየው ልጅ።
የትርፍ ድርሻዬን ልወስድ ነው መምጣቴ።»
የዝና ስሙን ጻፈች፣ በፍጥነት፣ ባንድ ጣት።
«አልተገኘም» አለ መስኮቱ።
ደግማ ጻፈች።
«አልተገኘም»።
«ምን ይላል?» አለ ሰውዬው፣ ቀዩን ምልክት አይቶ።
«የሉም ይላል፣ አባባ።»
«ማን?»
«እርስዎ።»

ዝም አለ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ፤
ከነቆቡ፣ ከነዱላው፣ ከነሳሉ ነበረ።

እኔ ስሕተት ፍለጋ መስመር ለመስመር ወረድኩ፤
ማውጫውን ፈተሽኩ፤ ጥያቄውን አረምኩ፤
ክፍት ቦታ ቢኖር ብዬ የስሙን ጫፍ ቆረጥኩ፤
ሁሉም ደኅና ነበር።
ሰውዬው ግን የለም።

ባንቴ፣ ሚዛን ያዡ፣ ቅኔ ቤት የቆየ፣
ሚዛኑን ለቀቀና በትከሻዬ አየ።
«ተይ እንጂ፣ ልጄ» አለ፣ «ይኸ አልፋው አ ነው፤
የሰውየው ስም እኮ በዐይኑ ዐ ነው።
ዐይኑን አውጥታችሁ፣ እንየው ትላላችሁ!»

ለካ ጆሮ አንድ ያለውን፣ ማሽን ሁለት ያየዋል፤
ለእኛ ያው የሆነ ድምፅ፣ በቁጥር ይለያያል፤
ሃሌታው ከሐመሩ፣ ከብዙኃኑ ጋራ፣
እሳቱ ከንጉሡ፣ እያንዳንዱ በጎራ፣
ፀሐዩ ለብቻው፣ ጸሎቱ ለብቻው፤
ጎረቤት ናቸው፤ ሰላምታ የላቸው።

ቸኮልኩና፣ ሁሉን ባንድ ፊደል ጨፍልቄ፣
ልጽፍ ተነሣሁ፣ የነበረውን ፍቄ።
«ኧረ እጅሽን ሰብስቢ!» አለኝ ባንቴ ጮሆ፣
«ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው እኮ!
ለፍለጋሽ ሲባል ሰው ስሙን ይጣል እንዴ?»

ልክ ነው። ስሙ እንደ ተጻፈ ይቀመጥ፤
ከጎኑ አንድ ጥላ፣ ለዓይን የማይገለጥ፣
ሞክሼዎቹ ሁሉ አንድ የሆኑበት ዓምድ፤
ፍለጋው በጥላው በኩል ይምጣና ይሂድ፤
ሲገኝ ግን የሚታየው፣ ሰውዬው ራሱ።

ስምንት መስመር ነው፣ ቢቆጠር፤
ከባትሪው ስድስት በመቶ ቀርቶኝ ነበር።
የዝና እንደገና ጻፈች፣ በዚያው ባልፋው አ፣ ሆን ብላ።
መስኮቱ ትንሽ አሰበ።

ዓይናዲስ እንየው። ወምበርማ።
አራት ኩንታል ተኩል።
ድርሻ፦ ስምንት መቶ ሰባት ብር።

«እስካሁን የት ነበርኩ?» አለ፣
ለእኔ ሳይሆን ለሳጥኑ።
መልስ ስፈልግ፣ በርበሬው ካፍንጫው ደረሰና
አስነጠሰ፣ መጋዘኑን ነቅንቆ።
ያን ጊዜ ሸካሚው፣ የዝና፣ ባንቴም ሚዛኑ ላይ ሆኖ፣
«ይማርዎ!» አልን ባንድ ድምፅ።
«ያኑራችሁ» አለና ብሩን ቆጥሮ ወጣ።

እኔም አኖርኩት፣
ባትሪው ሳይጠፋ።