ለፈረሱ ገብስ

የአባቴ መዝገብ ሽፋኑ ጥቁር ነው፣ ጠርዙን ብል በልቶታል፤
«ሐምሌ ኀምሳ ዘጠኝ፣ የካውቦዩ ፊልም» ይላል፣ ቀዩ ቀለም ለቅቋል።
መሐሉ ላይ አንዲት የጋዜጣ ቁራጭ በሙጫ ተለጥፋለች፦
«ሦስት ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፣ አስራ አንድ አስገባ» ትላለች።
ከጎኗ በእርሳስ ይልፋሸዋ አባቴ
ያን ሁሉ ሚሊዮን በቡና ፈረሱላ ሲመነዝር አምሽቶ፣
ሂርማታ ገበያ ይህን ያህል ሰፍሮ እንደማያውቅ ሲያየው፣
ሰረዘው። ተኛ። መብራቱን አጥፍቶ።

ከሥሩ የኛ ሒሳብ።
የሰባት ሌሊት ገቢ፣ ከፊት አግዳሚ በስሙኒ፣
ከመሐል በሽልንግ፣ ከኋላ ባለትራሱ በብር፦
አራት መቶ አስራ ሁለት ከስሙኒ ነበር።
ለፊልሙ ኪራይ ሁለት መቶ ሃያ
(ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ካይሮ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ፣ የሰው ኪስ መሙያ)፤
ሰማንያ ሁለት ለማዘጋጃ ቤት፣
ለናፍጣ አርባ ሦስት፣ መብራቱ በጠፋበት፤
አስራ ስምንት ለማሽኑ ከሰል፤
ስድስት ለአውቶቡሱ፣ የፊልም ጣሳ ለሚያደርስ በሰላም።
ተቀንሶ፣ ተቀንሶ፣ አርባ ሦስት ብር ቀረ።
ከስሙኒ።
ስሙኒዋ ግን ላይዋ ላይ በቀይ ተሰመረ።

ያ ክረምት ክረምት ነው። አዌቱ ሞልቶ ድልድዩን ሲገፋ፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተኩሱ ሁሉ ጠፋ።
ሽጉጡ ይጨሳል እንጂ ድምፅ የሚባል አልነበር፣
ሰው በዝምታ ይወድቅ ነበር፣ በዚያ በማያውቁት አገር።
ሕዝቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ተጫምቶ ገብቶ
ይወጣል በሌሊት፣ የሰው አገር አቧራ ጠግቦ አይቶ።
«ለዚህ ሁሉ አቧራ ስንት ከፍለው ይሆን?» አለ ሮባ፣ ባለማሽኑ፤
«ጭቃ ቢፈልጉ ኖሮ በነጻ ነበር፣ ምናለ እኛን ቢለምኑ!»

አባ ዳማ መጣ፣ ከጅሬን ወርዶ፣ በመጀመሪያው ማታ፣
ስሙኒውን ከጋቢው ጫፍ ፈታ።
በፈረሱ ስም የሚጠራ ሰው ነው፣ እንዳገሩ ልማድ፤
ዳማው ከሞተ ቆይቷል፤ ስሙ ግን እሱን እንደጋለበ ነው፣ በየመንገድ።
«ይሄ ባለባርኔጣ አባ ማን ይባላል?»
«ስም የለውም» አለው አባቴ፣ «እንዲሁ ይዞራል።»
«የፈረሱስ ስም?»
«አልተጻፈም።»
«ስሙን ሳይጠራ የጋለበ ሰው፣ ሰርቆት መሆን አለበት።
መልኩስ?»
«ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ መልክ አይለይበት።»
ሽማግሌው ሳቀ።
«ዳማ ነው» አለ። «እሱንስ ለኔ ተዉት።»

በሦስተኛው ጥቅል ላይ ፈረሱ በጥይት ይወድቃል።
አዳራሹ ያጨበጭባል።
አባ ዳማ ተነሥቶ ቆመ፤ ጥላው ሸራው ላይ ተሰቀለ፤
«ቁጭ በል!» ተባለ። አልተቀመጠም። ምንም አላለ።
በማግስቱ መጣ። በሠልስቱም።
«ዛሬ ይነሣ ይሆናል» እያለ፣ በስድስተኛውም።

በሰባተኛው ሌሊት ሮባ ማንንም ሳያማክር
ሦስተኛውን ጥቅል ከጣሳው አላወጣም።
ፈረሱ እየጋለበ ከሁለተኛው ወጣ፣
በአራተኛው ባለባርኔጣው ብቻውን፣ በእግሩ መጣ።
«ተቆርጧል! ገንዘባችንን!» ብሎ ሰዉ ሲያፏጭ፣ ሲጮህ፣
አባ ዳማ በሰልፉ መሐል አባቴን በመስኮቱ፦
«የሆነ ቦታ አስሮት መጥቷል ይሄ ባለጌ፤
ሳይበላ እንዳያድር።»
ሌላ ስሙኒ አኖረ፣ ከሰባቱ በላይ፣
ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ፣ ዝናቡን ሳያይ።

አባቴ ጻፈ፦ «ለፈረሱ ገብስ፣ ስሙኒ።»
ሙሴ ኒኮላ፣ ባለቤቱ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
«ይሄ ምንድነው?» አለ፣ «ገቢ ነው ወይስ ወጪ?»
አባቴ ጥቂት ቆይቶ፣ «አደራ ነው፣ ሙሴ።»
«ለአደራ ዓምድ የለንም።»
አባቴ በቀይ ሰረዛት። ከሒሳቡ ወጣች፤ ከመዝገቡ አልወጣችም።

ይኸው፣ ከሽፋኑ ሥር፣ በሙጫ ተጣብቃ፣
ጠርዟ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ አንበሳዋ ደብዝዞ።
ዛሬ ምንም አትገዛም፣ የአንድ ጭብጥ ገብስ ዋጋም።
አስራ አንዱን ሚሊዮን ቆጥረው ሲዘጉት
ይቺ አልገባችም።
በጥፍሬ ጫፏን ነካሁት።
ልላቅቃት አልኩና ተውኩት።